ያላረፈው ዱላ

አንድ ላቀው የሚባል ገበሬ ነበር። ሰነፍ አልነበረም። ዝናብ ጥሎ መሬቱ በረጠበ ሰሞን ማረሻው ለሁለት ተሰበረ። ብረት ቀጥቃጩ ሩቅ ነው፤ በቤቱም የሚሸጥ ነገር የለም። ጎረቤት ለምኖ መዋስ ይችል ነበር፤ አፈረ። ሰው ለመለመን አፍሮ ለመስረቅ አለማፈሩ ይገርማል። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው እንዲህ ነው።

በአቅራቢያው አያ እሸቴ የሚባሉ ሽማግሌ ያርሳሉ። እኩለ ቀን ላይ በሬዎቻቸውን ፈትተው ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አሉ። ላቀው ቀስ ብሎ መጥቶ ማረሻቸውን ከእርፉ አወለቀ። ሊሄድ ሲል ሽማግሌው ነቅተው የብረቱን ጫፍ ያዙ።

«ተው አንተ ሰው! ዘሬን ምን ላድርገው?»

ላቀው ዱላውን ከፍ አደረገ። «ይልቀቁ! አለዚያ አናትዎን ነው የምልዎት!»

አያ እሸቴ ለቀቁ። ዱላው አላረፈባቸውም። ላቀው ሮጠ፤ ነገር ግን ሩቅ ሳይሄድ ጩኸቱን የሰሙ ገበሬዎች ያዙት። ማረሻው ያኔውኑ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ላቀውም በዋስ ሰነበተ።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ የሚሄዱት በቁራኛ ነበር። የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠራል። ዳኛው እስኪፈቱት ድረስ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያርፋሉ። የችሎቱ ቀን ደርሶ አያ እሸቴና ላቀው ተቋጥረው ሲወጡ፣ አንዱ ቧልተኛ «ሙሽሮቹ፣ መልካም መንገድ!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ሁለቱ አልሳቁም።

ጥቂት እንደሄዱ ላቀው አጉረመረመ።

«አያ እሸቴ፣ ክሱ ውንብድና ነው አሉኝ።»

«ሰዎቹ ናቸው ያሉት። እኔ የሆነውን ነው የተናገርሁ።»

«ሰርቄያለሁ፣ እሺ። ግን ዱላዬ መቼ ነካዎት?»

«አልነካኝም።»

«እንግዲያ ዳኛው ሲጠይቁዎት ዱላ አልተነሳም ይበሉልኝ። ስርቆት ከተባለ ለአጨዳ ቤቴ እደርሳለሁ። ውንብድና ከተባለ ዓመታት ነው። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጄ ሳያውቀኝ ሊያድግ ነው።»

ሽማግሌው ከአገልግላቸው ዳቦ አውጥተው ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ ሰጡት። «ብላ። በባዶ ሆድ ችሎት አይቆምም።»

ወንዝ ደረሱ። ድንጋዩ ያዳልጣል። ላቀው ቀደም ብሎ ዳር ወጣና ሽማግሌውን ለመደገፍ እጁን ድንገት ከፍ አድርጎ ዘረጋ። አያ እሸቴ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ሸፍነው እጥፍ አሉ።

የላቀው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ… ልደግፍዎት ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ አፍረው። «እኔ አውቃለሁ። ሰውነቴ ነው ያላወቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያደርገኛል። በሬ ጠምጄ እንኳ ወደ ኋላ አያለሁ። ዛፉ ሥር ማረፉንም ትቼዋለሁ።»

ወንዙን ተሻግረው ችሎቱ ደረሱ።

ዳኛው ቋጠሮውን አስፈትተው ጠየቁ። «አያ እሸቴ፣ ይህ ሰው ብረቱን የወሰደው ተደብቆ ነው ወይስ አስፈራርቶ?»

ሽማግሌው ላቀውን አዩት። ያልተወለደው ልጅ አሳዘናቸው። «ጌታዬ፣ ዓይኔ ደክሟል። ዱላ ይሁን የዛፍ ቅርንጫፍ ያየሁት…»

«አይደለም!» አለ ላቀው። «ዓይናቸው ደህና ነው። ለእኔ ብለው ነው። ዱላ አንስቻለሁ። አናትዎን እላለሁ ብዬም ዝቼባቸዋለሁ።»

ዳኛው አተኩረው አዩት። «አልመታኋቸውም አትልም?»

«እሱን ልል ነበር የመጣሁት። ብረቱም ተመልሷል እል ነበር። ግን ጌታዬ፣ የወሰድሁባቸው ብረት ብቻ አይደለም። ሌላውን ከየት አምጥቼ እንደምመልስላቸው አላውቅም።»

ዳኛው ውንብድና ነው ብለው ፈረዱ። በትር ባያርፍም፣ በዛቻ የተወሰደ ዕቃ ተነጠቀ እንጂ ተሰረቀ አይባልም አሉ። ሆኖም ራሱ ስላመነ፣ አያ እሸቴም እግራቸው ላይ ወድቀው ስለለመኑለት ቅጣቱን አቀለሉለት። ላቀው ታሰረ። ማሳው ግን ጦሙን አላደረም። አያ እሸቴ የራሳቸውን እርሻ ሲጨርሱ በሬዎቻቸውን እየነዱ ሄደው አረሱለት።

ላቀው ሲፈታ ልጁ በእግሩ መሄድ ጀምሯል። ልጁን ስሞ በቀጥታ ወደ አያ እሸቴ እርሻ ሄደ። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው ያርሳሉ። ከኋላቸው አልቀረበም። ከዳር ቆሞ ተጣራ።

«አያ እሸቴ! እኔ ነኝ፣ ላቀው ነኝ። ልምጣ?»

ሽማግሌው ደንገጥ ብለው ዞሩ። ትንሽ ቆይተው «ና» አሉት።

የነጠቁትን ዕቃ በአንድ ጀምበር መመለስ ይቻላል። የሰውን የልብ ዕረፍት የነጠቀ ግን ከዳር ቆሞ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ና እስኪባል መጠበቅ አለበት። አንዳንዴም ብዙ ቀን ይጠብቃል። «አልመታሁም እኮ» የምንል ብዙ ነን፤ እርሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በየቤታችንም። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ በትርህ ሳያርፍበት አንተን ፈርቶ የሚኖር ሰው በቤትህ አለ?