በሰው ለቅሶ የተነሣው ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምህሩ።

ትርሲት ከፊታቸው ቆማለች። ተማሪዎቹ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ አንብበው የተሰማቸውን እንዲጽፉ ታዝዘው ነበር። ሌሎቹ ስለ ዕጣ ፈንታና ስለ ክብር ጻፉ፤ እሷ ግን ባለፈው ዓመት ስለሞተው ወንድሟ። ክፍል ውስጥ ስታነበው ጓደኞቿ ተያዩ። አንዱማ «መጽሐፉ የታለ?» ብሎ አሳቃቸው። ለዚህ ነው መጥታ «መምህር፣ ያነበብኩት መጽሐፉን ነው ወይስ ራሴን? ወረቀቴን ልቅደደው?» ብላ የጠየቀቻቸው።

መምህሩ ቀጠሉ።

የገበሬው ልጅ በስምንት ወሯ ሞተች። በዚያ አገር ለሕፃን ድንኳን አይተከልም፣ አልቃሽም አይጠራም። ሦስት ጎረቤቶች ቀበሯትና «እግዜር ይተካ» ብለውት ወደ እርሻቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያነሣ ጠፋ። እሱም ሚስቱ ፊት ማንሣት ፈራ።

ግን የጣቶቿ ኃይል ከእጁ አልወጣለትም። አውራ ጣቱን ጨብጣ አለቅም ትለው ነበር። ሲያርስ፣ እርፉን በያዘ ቁጥር፣ ይመጣበታል።

ስለዚህ የሰው ለቅሶ መዞር ጀመረ። በየአጥቢያው ሰው ሞተ ሲባል ይሄዳል፤ ከድንኳኑ ዳር ይቀመጣል፤ አልቃሿ ለማያውቀው ሟች የምትገጥመውን ያዳምጣል። ስለ ጀግና ትገጥማለች፣ ስለ ዳኛ ትገጥማለች። የእሱ ልጅ ምን ሠራች ተብሎ ይገጠማል? ሰዎቹ ደግሞ ለለቀስተኛ የሚታደለውን ንፍሮ ፈልጎ የሚመጣ መሰላቸው። «ዛሬም ሸተተው» ይላሉ። እየሰማም መሄዱን አልተወም።

አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ አንድ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ሞተ። አልቃሿ የሚስቱን ሐዘን በራሷ አፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦

በሩን አትዝጉበት ምናልባት ቢመጣ፤
ሳይነግረኝ አያውቅም ከቤቱ ሲወጣ።

የገበሬው ልጅ እንኳን መንገድ ልትወጣ ዳዴ ማለትም አልጀመረችም። ቢሆንም ተነሣ። መሐል የሚገባ ሰው የሟቹን ስም ጠርቶ ነው የሚያለቅሰው። እሱ ግን ገብቶ «አትጠገብ፣ ልጄ፣ እኔም በሩን አልዘጋሁብሽም» አለ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። የሟቹ ልጅ «ይሄ ሰውዬ በአባቴ ድንኳን ማንን ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ሊያስወጣው ክንዱን ያዘ።

«ተወው» አለች የሟቹ ሚስት። ወደ ገበሬው ዞረችና «ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችው።

«ስምንት ወሯ።»

ፈቀቅ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችው። አልቃሿ አዲስ ግጥም አላበጀችም። አትጠገብን እየጠራች ያንኑ ደገመችው። ድንኳን ሙሉ ሰው ለሕፃኗ አለቀሰ። ለነጋዴውም የጎደለበት እንባ አልነበረም።

ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ ናፍቆቱ አልቀለለለትም፤ እንዲያውም ባሰበት። ግን ሚስቱን «ዛሬ አትጠገብን ጠሯት» አላት። ሚስቱም የያዘችውን ሥራ አስቀመጠችና «እነማን? እስቲ ንገረኝ» አለችው።

መምህሩ ወረቀቱን አነሡ።

«ትርሲት፣ መጽሐፉ የሰው ለቅሶ ነው። ላንቺ አልተገጠመም፣ ወንድምሽንም አያውቀውም። ጓደኞችሽ ዳር ተቀምጠው ግጥሙን አደነቁ፤ ደግ አደረጉ። አንቺ ግን ተነሥተሽ ገባሽ። ግጥሙን ሳትሰሚ ገብተሽ ቢሆን ነውር ነበር። ግን ሰምተሻል፤ የትኛው መስመር እንዳስነሣሽ እዚህ ጽፈሽዋል። ስለዚህ ያነበብሽው መጽሐፉን ነው፤ ሟችሽን ይዘሽ። አትቅደጂው።»

ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ከላይ እስከ ታች ‹ወንድሜ› ብቻ ነው የምትይው። ስሙ ማን ነበር?»