ኢንሱሊን የሚያስመስለው ዱቄት

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛው ለምሳ ሊወጣ ሲል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰውዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። አረንጓዴ ዱቄት በየፌስታሉ የታሸገበት ካርቶን ታቅፏል። የበሩ ጥበቃ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸው፣ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ።

«ገብቼ ሠራተኛውን ስለ ስኳር በሽታ ላስተምር ነው» አለ ሰውዬው።

«ምን ያስገባዎታል? ተማሪው እየወጣልዎት አይደል!» አሉት።

እውነትም ሠራተኛው ወጥቶ ከበበው። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጡንቻችሁን ቤት ነው በሉት። ስኳሩ በደም መጥቶ ደጅ ይቆማል። ኢንሱሊን ሲያንኳኳ በሩ ይከፈታል፤ ስኳሩ ገብቶ ጉልበት ይሆናል። የእኔ ዱቄት ደግሞ ኢንሱሊንን ያስመስላል! ልክ እንደሱ ያንኳኳል፣ ጡንቻውም ኢንሱሊን መጣ ብሎ ይከፍታል። ከዛሬ ጀምሮ መርፌ የሚባል ነገር ወዲያ ጣሉ!»

ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ዘይነባ መርፌ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው፤ መሯታል። «እሰይ! ተገላገልኩ!» ብላ የኢንሱሊን ብልቃጧን ከቦርሳዋ አወጣችና ቆሻሻ በርሜሉ ውስጥ ልትጥል እጇን ዘረጋች። ጋሽ እንድሪስ ደርሰው ክንዷን ያዟት።

«ቆይ እስቲ እቴ፣ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቃቸው። ለመሆኑ ይሄ ዱቄት የማንን ጡንቻ ሲያስከፍት ታየ?»

«የአይጥ ጡንቻ። ላቦራቶሪ ውስጥ።»

«አይጧ ደህና ናት?»

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ተቆጣ። «አባባ፣ ይሄ ሳይንስ ነው፣ ለእርስዎ አይገባዎትም!»

«ልክ ነው፣ እኔ አልተማርኩም። እርስዎስ ዶክተር ነዎት?»

ሰውዬው ጋዋኑን ጎተት ጎተት አደረገ። «ዶክተር እንኳ... ማለቴ፣ ከዶክተር አላንስም።»

ጋሽ እንድሪስ የብረቱን በር ገፋ አድርገው ዘጉት።

«እንግዲህ ወንድሜ፣ የአይጧ ጡንቻ ተሞኝቶ ከፍቶ ይሆናል። እኔ ግን ጥበቃ ነኝ። ዱቄቱ ኢንሱሊን አስመሳይ፣ እርስዎ ሐኪም አስመሳይ፤ ሁለት አስመሳይ ባንድ ጊዜ አላስገባም!»

ዘይነባ እየሳቀች ብልቃጧን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ሰውዬው ካርቶኑን ታቅፎ መንገዱን ሲሻገር፣ ጋዋኑን አውልቆ ነበር።