ጆሮ ያላቸው ሰሌዳዎች

አንዲት ቴክኒሻን የጉድጓዱ ፓምፕና የውሃ ታንከሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች በሽቦ እንዲነጋገሩ ታገናኝ ነበር። እያንዳንዱ ሰሌዳ መናገሪያና መስሚያ ሽቦ አለው። አለቃዋ ኢንጂነር ደርበው፣ «መናገሪያው ከመናገሪያው፣ መስሚያው ከመስሚያው ይታሰር!» ብለው አዘዙ።

«ጌታዬ፣ እንዲህማ ከሆነ...»

«እኔ ስናገር ዝም በይ!»

በውሃ ፕሮጀክቱ ምረቃ ዕለት ውሃ ጠፋ። አለቃው በእንግዶቹ ፊት አፍረው፣ «ጥፋትሽን እዚሁ ተናዘዢ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም!» ብለው ጮኹባት።

እሷም እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጥፋቴስ ስህተት መሆኑን እያወቅሁ እንዳዘዙኝ ማሰሬ ነው። አፍን ከአፍ ስላሰርኩ ሁለቱም ይለፈልፋሉ እንጂ የሚሰማ የለም። እነሱስ ጆሮ አላቸው፤ ሁለት ሽቦ አቀያይሬ አሁኑኑ አስማማቸዋለሁ። የቸገረኝ የእርስዎ ጆሮ ነው።»