«ይማርህ» ያለችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ነፋስ ሲነፍስ «ዋርካው ተናገረ» በሚባልበት ሸለቆ፣ አንዲት አህያ ጆሮዋን ቀስራ ካዳመጠች በኋላ «ኧረ ነፋስ ነው» አለች።

ያለችው ይህን ብቻ ነው። በማግስቱ የዋርካው ጠባቂ አያ አንበሶ አስጠራት።

«ነፋስ ነው ብለሻል?»

«ብያለሁ ጌታዬ። ጆሮዬ ረጅም ነው፤ ቃል ቢኖርበት እሰማ ነበር።»

«እንግዲያው ከእድራችን ወጥተሻል። ቤትሽ ሞት ሲገባ ነፋሱ ይቅበርልሽ!»

እንስሳቱ ሳቁ። አህያዋ ግን አልሳቀችም። አሮጊት እናቷ ታማ ተኝታለች። በዚያ ሸለቆ ደግሞ ቀባሪ ያጣ ሬሳ የጅብ ራት ነው። ብቻዋን እንዳትቀብር፣ ሰኮና መሬት ይረግጣል እንጂ ጉድጓድ አያወጣም።

ስለዚህ ወደ ማዶ ተሻገረች። እዚያ ቀበሮ ያቋቋመው የማያምኑ ማኅበር አለ። አባላቱ ከርከሮ፣ ጃርትና ፍልፈል ናቸው፤ ሁሉም የታወቁ ቆፋሪዎች።

«እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለ ቀበሮ። «እዚህ ዋርካ የለም፣ ጠባቂ የለም፣ መሐላ የለም። በይ አሁን ቀኝ እግርሽን አንሺና እንደማታምኚ ማይ።»

«መሐላ የለም አላልክም?»

«ይኼ መሐላ አይደለም፤ ደንብ ነው።»

ማለች። ማኅበርተኞቹ ዋርካው አለመናገሩን በየሳምንቱ ተሰብስበው በዜማ ይላሉ። በዋርካው ጾም ቀን ይበላሉ፤ ያልራበውም በግድ ይበላል። አህያዋ ታዘበች፤ ግን ቆፋሪ ያስፈልጋታልና ዝም አለች። እናቷ ከቀን ወደ ቀን እየደከመች ነበር።

አንድ ጠዋት በስብሰባው መካከል ቀበሮ አስነጠሰው።

«ይማርህ» አለች አህያዋ፣ ሳታስበው።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ማን ይማረኝ?» አለ ቀበሮ።

«እንዴት ማን?»

«‹ይማርህ› ብለሻል። የሚምረው ማን ነው? እዚህ ቃል ውስጥ አንድ የማይታይ ጌታ ተሸሽጓል!»

«ኧረ ጋሽ ቀበሮ፣ ጉንፋን እንዳይጥልህ ብዬ ነው! እናቴ ያስለመደችኝ ነው።»

ጃርት እሾሁን አቁሞ ጮኸ፦ «ዋርካውን በግስ ጠቅልላ አስገባችብን!»

«እኔ እንኳ ሳስነጥስ እንዲህ ሲሉኝ ደስ...» ብሎ ጀመረ ፍልፈል። ከርከሮ ሲገላምጠው ግን ቀሪውን ዋጠው።

«አፍሽን እስክታጠሪ ታግደሻል» አለ ቀበሮ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷ ሞተች።

አህያዋ ኮረብታው ላይ ወጥታ ወደ ሁለቱም ወገን ጮኸች። ከዋርካው ሥር አንበሳ መለሰ፦ «ዋርካው ይናገራል በይ፤ ወዲያው እንቀብርልሻለን!» ከማዶ ቀበሮ መለሰ፦ «ከንግግርሽ ዋርካውን አውጪ፤ ወዲያው እንቆፍርልሻለን!»

«እናቴን ቅበሩልኝና የፈለጋችሁትን እላለሁ!»

«መጀመሪያ በይ!» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ ድምፅ። ከተለያዩ ወዲህ አንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ ለቀስተኛ እያለቀሰ መጣ።

«እኔ ነኝ እህቴ፣ አያ ጅቦ። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«አንተ ደግሞ ከየትኛው ወገን ነህ?»

«ኧረ እኔ የማንንም ሃይማኖት አልጠይቅም። ሁሉም ይጣፍጣል።»

አህያዋ በእናቷ ሬሳ ላይ ቆማ ተራገጠች። ጅቡ ራቅ ብሎ ተጋደመና ምራቁን እየዋጠ ጠበቀ። የኋላ እግሮቿ ከድተዋት ስትወድቅ፣ ተነሥቶ በላ። እሷንም ሊያስከትል አስቦ ነበር፤ ሆዱ ሲሞላ ግን ያሰበውን ረሳውና እያዛጋ ሄደ።

በነጋ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች አጥንቱ ዘንድ ደረሱ።

«አያችሁ?» አለ አንበሳ። «ዋርካው በከሃዲ ላይ ፈረደ።»

«አያችሁ?» አለ ቀበሮ። «ዋርካው ቢሰማ ኖሮ ያስጥላት ነበር።»

ክርክሩ ጦፈ። ከርከሮ መሬቱን በሰኮናው እየደበደበ ይከራከር ጀመር፤ ፍልፈል እንኳ ድምፅ አወጣ። አህያዋ የእናቷን አጥንት በጥርሷ አንድ በአንድ ለቀመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሺ፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ። እስቲ አንዳችሁ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩልኝ» አለች።

ከጫጫታው የተነሣ ማንም አልሰማትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያመነም ያላመነም እውነቱን ለማስመስከር ሲል ለቅሶ ከቀረ፣ ለጅብ ማዕድ ከማቅረብ የተለየ ሥራ እንዳልሠራ ነው።