ቁጥር ተጠይቆ ስም የሰጠው

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ሪፖርት ለሚጠይቁኝ ሁሉ የበሽተኞቹ መረጃ ያለበትን ዋናውን ዳታቤዝ ብከፍትላቸው ምን አለበት? ሥራ ይፈጥናል» አልሽኝ አይደል? እንግዲያው አታቋርጪኝና ስሚ።

ይህ ሰው ፍጥነት ይወዳል። የበሽተኛውን ስም፣ ሰፈርና በሽታ አንድ መዝገብ ላይ፣ በአንድ መስመር ይጽፋል። ሁለት ቦታ መፈለግ ምን አደከመኝ ባይ ነው። ሰልፉ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰዉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። እሱም ልቡ አብጦ ነበር፤ አይ ሞኝ!

አንድ ቀን የቀበሌ ኮሚቴ መጣና «የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ስንት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ቁጭ ብሎ ቢቆጥር አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። እሱ ግን መዝገቡን እንዳለ አንሥቶ «እናንተው እዩት» አላቸው።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ ቤት አከራይ ነበር። ገጹን ሲገልጥ የእሱን ቤት የተከራየችውን የልብስ ሰፊ ሴት ስም አየ።

በመድኃኒቷ ቀን ሴትዮዋ ቀረች። በማግስቱም አልመጣችም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽባት ያውቃልና የካርድ ክፍሉ ሰው ቤቷ ድረስ ሄደ። ቤቱን ልቀቂ ተብላ አልጋዋና የስፌት መኪናዋ ደጅ ወጥተዋል። «ምነው፣ ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት ቀና ብላ አየችው።

«አከራዬ ነግሮኛል፤ ስንት እንደሆንን ነው የጠየቁህ። ማን እንደሆንን ማን ንገር አለህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። የስፌት መኪናዋን አንሥቼ ጋሪ ላይ ጫንኩላት፤ ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?

ጫንኩላት አልኩሽ? አዎ፣ ሰውየው እኔ ነኝ። ይኸው ሃያ ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ሳወራው ፊቴ ይግላል። መድኃኒቱን ሌላ ከተማ ቀጠለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም።

ያንቺም ዳታቤዝ ያው መዝገብ ነው፣ ልጄ። ስሙን አንድ ሰንጠረዥ፣ በሽታውን ሌላ ሰንጠረዥ አድርጊና በመለያ ቁጥር አገናኚያቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የማየት ፈቃድ ለሚያክመው ብቻ ስጪ። ሪፖርት ለሚጠይቅሽ ደግሞ ተደምሮ ያለቀውን ቁጥር ብቻ የሚያይበት ገጽ ለብቻው አዘጋጂለት፤ ለፍጥነትም ቢሆን ከዚህ የሚሻል የለም። ከመክፈትሽ በፊት የተጠየቅሽው ስንት ነው ወይስ ማን፣ እሱን ለዪ። እኔ ለአሥር ደቂቃ ሰስቼ ያቺን ሴት ከቤቷ አስወጣኋት።