ሰባቱ ከዋክብትና ትንሿ ቱቦ

አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ነበረ። አባትሽ ካረፉ ወዲህ የመጨረሻ ቀናቸውን አብዝተሽ በመረመርሽ ቁጥር መልካቸው ለምን እየራቀሽ እንደሄደ ጠይቀሽኛል፤ መልሱን ከመናገሬ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ነጋዴው የሚኖረው ብርዳማ ከተማ ውስጥ ነበር። አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ እሷ ከተወለዱበት ገጠር አልወጣችም። በልጅነታቸው፣ በታኅሣሥ ወር፣ እህሉ እስኪወቃ ድረስ አውድማው ላይ እያደሩ ክምሩን ይጠብቁ ነበር። ጭድ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ አንድ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩትን ሰባቱን ከዋክብት ይቆጥራሉ። ብዙ የቆጠረ የመጨረሻዋን ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ይወስዳል። እሷ ሁልጊዜ ሰባት ትላለች፤ እሱ ከስድስት አያልፍም። ትዋሻለሽ ይላትና ሽምብራውን ራሱ ይበላዋል።

ዘመን አለፈ። የእህትየው ዓይን ታመመ። ሐኪሙ የዓይኗ ግፊት ከፍ ማለቱን፣ እይታዋ እየጠበበ መሄዱን፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነገራት። ነጋዴው ይህን ሲሰማ፣ ፈጽሞ ሳይጨልምባት ሰባቱን ከዋክብት ሊያሳያት ወሰነና ቴሌስኮፕ ገዛ። ሻጩ ጀማሪን የሚመክረውን መከረው፦ ቱቦውን አስቀድሞ ደጅ አውጥቶ እንዲያቀዘቅዘው፣ መብራት አጥፍቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ እንዲታገሥ፣ ጥቂት በሚያጎላው ደካማ ሌንስ እንዲጀምር፣ ኮከቡንም በትልቁ ቱቦ ጀርባ ላይ በተገጠመችው ትንሽ ቱቦ እንዲፈልግ። ነጋዴው ግን ዕድሜውን ሙሉ ብርቱ ብርቱውን ዕቃ መርጦ የኖረ ሰው ነው። ደካማውን ሌንስ ለልጆች ይሆናል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ትንሿንም ቱቦ ከቁም ነገር አልቆጠራትም።

እህቱ በመጣች ዕለት፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ እንደ ጠቆረ፣ ቴሌስኮፑን ከሞቀው ሳሎን አውጥቶ በረንዳው ፊት ተከለው። እንዳትደናቀፍ ብሎ የበረንዳውን መብራት አበራላት። ብርቱውን ሌንስ አስገባና ቱቦውን እንደ ጠመንጃ በጎኑ እያየ አነጣጠረ። ብዙ ከለፋ በኋላ አንድ ኮከብ አገኘ። እህቱ ተንበርክካ አየች። ኮከቡ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ከሰባቱ አንዱ ነው፣ እትዬ።»

«ብቻውን ምን ያደርግልኛል?»

ሌሎቹን ሊያሳያት ቱቦውን ነካ ሲያደርገው የመጀመሪያውም ጠፋ። በዚያ ብርድ አላበው። እህቱ መብራቱ ዓይኗን እንደ ወጋት ነግራ አስጠፋችውና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ አውድማው አወሩ። የአባታቸውን በሬዎች በየስማቸው ጠሩ፤ ጭዱ አንገታቸውን ሲበላቸው እንዴት ይነጫነጩ እንደነበር አንሥተው ሳቁ። እነሱ ሲያወሩ ቱቦው ቀዘቀዘ፣ ዓይናቸውም ጨለማውን ለመደ።

ከዚያ ነጋዴው የመጨረሻዬ ነው ብሎ እንደገና አነጣጠረ። እህትየው እየዳበሰች ቀረበች። ዓይኗን ያሳረፈችው ግን በትልቁ ቱቦ ላይ ሳይሆን በትንሿ ላይ ነበር። አንገቷን እያዘነበለች ቆየች። ነጋዴው ዓይኗ እንቢ ያላት መስሎት ሊደግፋት ተጠጋ።

«ተገልብጠዋል» አለች በመጨረሻ። «ግን ሁሉም አሉ።»

«እትዬ፣ ያ እኮ መፈለጊያው ነው። ዋናው ይኸኛው ነው።»

«ዋናውን ለአንተ ትቼልሃለሁ።»

ቦታዋን ስትለቅለት ጎንበስ ብሎ አየ። ትንሿ ቱቦ ነገሩን ገልብጣ ታሳያለች፣ የምታጎላውም ጥቂት ነው፤ በአንድ ጊዜ የምታሳየው ሰማይ ግን ሰፊ ነው። ከዋክብቱ እንደ አውድማው ጊዜ አንድ ላይ ተሰብስበው ነበር። ቆጠራቸው፤ ስድስትን አለፈ። ቀና ሳይል «ለካ ሰባተኛዋ ነበረች» አለ።

እህቱ በጨለማው መዳፏን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው ሽምብራዬን አምጣ።»

አንቺም እንደዚያ ነጋዴ ሆነሻል። ብርቱውን ሌንስ በአባትሽ የመጨረሻ ቀን ላይ ተክለሻል። ነርሷን ጠይቀሻል፣ ሐኪሙን ጠይቀሻል፣ አምቡላንሱ የዘገየበትን ምክንያት አጣርተሻል። ያገኘሽው ሁሉ እውነት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ቀን ነው፣ ያውም እየተንቀጠቀጠ የሚታይ። አባትሽ ደግሞ አንድ ቀን አልነበሩም። መብራቱን አጥፊና ተቀመጪ፤ በደካማው ሌንስ ጀምሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ብስክሌታቸውን ገልብጠው ሰንሰለቱን ሲቀቡ፣ በአጥሩ ለሚያልፍ ሰው ሰላምታ የሚሰጡት በክርናቸው ነበር፤ እጃቸው ዘይት ነዋ። ይህን እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ አይቻለሁ። እኔ ያላየሁት አንቺ ዘንድ አለ፤ እሱን ቁጠሪ።