የአያ ዳምጠው ሽኝት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ሥራቸውን ትተው ኳስ በሚያባርሩበት ዘመን፣ ሣር አምባ በሚባል መስክ ላይ ስሙ የገነነ ቡድን ነበር። አምበሉ አንበሳ ነው፤ በረኛዋ ቀበሮ ናት፤ አጥቂው ጅብ ነው። የኋላውን በር ብቻውን ዘግቶ የኖረው ግን ዳምጠው የሚባል አህያ ነበር።

ዳምጠው እንደ ሌላው ተከላካይ ፊቱን ወደ አጥቂ አዙሮ አያውቅም። ጀርባውን ይሰጥና ጆሮውን ወደ ኋላ ይቀስራል፤ ኮቴ ሲሰማ በሁለቱ የኋላ እግሮቹ አንዴ ያነሳዋል። ኳሱ ከሄደ ኳሱ፣ አጥቂው ከሄደ አጥቂው፤ ለዳምጠው ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰኞ የመታት ኳስ ሐሙስ ገበያ መሀል ወድቃ አንዲት እንስራ ሰብራለች። አንድ የዝንጀሮ ጎረምሳ ደግሞ በርግጫው ተነስቶ ጎረምሳ ሆኖ ወጣና ሸምግሎ ወረደ ይባላል። እኔ እንኳ ትንሽ ቀንሼ ነው የማወራው።

በዚያ ቡድን አንድ ሕግ ነበር፤ ያለ እሱ ቡድኑ አንድ ቀን አያድርም። «ማሊያ የለበሰ አይበላም» ይላል። ጅብና አህያ፣ ቀበሮና ዶሮ፣ አንበሳና በግ በአንድ መስክ የዋሉት በዚህ ሕግ ነው። ማሊያውን ያወለቀ ግን እንደ ማንኛውም የዱር ሥጋ ነው፤ ሮጦ ያምልጥ። ነብር አንድ ቀን ማሊያ የለበሰ በግ ጆሮ ቀመሰ። ያ ነብር ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቀው የአንበሳ ሆድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዳምጠው ዐሥራ ሁለት ክረምት ሙሉ ማሊያውን አውልቆ አያውቅም። ዝናብ ያጥብለታል፣ ፀሐይ ያሰጣለታል።

ነገር የተበላሸው ከጉልበት ነው። በዐሥረኛው ዓመት የቀኝ ጉልበቱ ተናጋ። በዐሥራ አንደኛው ዳሌው ወለቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ዱባ አከለ፤ ያውም ለዘር የተተወ ዱባ። የቡድኑ ወጌሻ ጦጢት በቅቤ ብታሸው፣ በቀርከሃ ብታስረው፣ አንዱን መገጣጠሚያ ስታስገባ ሌላው ይወጣባታል።

«አያ ዳምጠው» አለችው በመጨረሻ፣ እጇን በጆሮው እየጠረገች፤ «አንተ አሁን አህያ አይደለህም፤ የላላ አልጋ ነህ።»

«እሰሪኝ ብቻ ጦጢትዬ፤ ለእሁድ ልድረስ።»

እሁድ ደረሰና ከገደል ሥር ዝንጀሮዎች ጋር ጨዋታ ሆነ። ዳምጠው እግሩን ለማንሳት ሲያስብ አጥቂው አልፎታል፤ ሲያነሳ ጎሉ ገብቷል፤ ሲያወርድ ዝንጀሮዎቹ ጨፍረው ጨርሰዋል። ሰባት ለዜሮ!

ፊሽካው እንደተነፋ ቀበሮ ጭራዋን አቁማ መጣችበት።

«ሰባት! አያ ዳምጠው፣ ሰባት! የመጨረሻዋን ያገባብኝ ዝንጀሮ እኮ የሽምብራ እሸት እየፈለፈለ ነበር! ቆሞ ጨው አለ ወይ ሊለኝ ምንም አልቀረውም!»

«ጉልበቴ ነው እመት ቀበሮ።»

«ጉልበትህ ከሆነ ውጣ እንጂ! ያ ጎረምሳ ወይፈን አንተን እየጠበቀ ቀንዱ አረጀ።»

«ብወጣ ማሊያዬን አወልቃለሁ» አለ ዳምጠው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባወልቅ ደግሞ…» ብሎ በጆሮው ወደ ማዕዘኑ አመለከታት።

ጅብ ማዕዘኑ ላይ ተጋድሞ የዳምጠውን ዳሌ እያየ ከንፈሩን ይልሳል። ኳስ በአፍንጫው ሥር ስታልፍ የማያይ ጅብ፣ ዳምጠው ስንት ጊዜ እንዳነከሰ ግን አንድ ሳያጎድል ይነግርሃል። እንዳዩት ሲያውቅ ተነስቶ እየተወዛወዘ መጣ።

«አያ ዳምጠው፣ ወንድሜ! ለምን አታርፍም? ለራስህ ብዬ እኮ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስትለፋ እያየሁ አንጀቴ ተላወሰ።»

«መላወሱስ እዚህ ድረስ ይሰማል» አለ ዳምጠው።

ጅብ እንደተመሰገነ ቆጥሮ ደስ ብሎት ሄደ።

ቀበሮ ነገሩ ገባት። አዝና አይደለም፤ ቀበሮ ለሰው ስታዝን ያየ የለም። ግን በየእሁዱ ሰባት ጎል ከመረብ ውስጥ መልቀም ወገቧን ገድሎታል። ቀበሮ ለራሷ ብላ የምታስበው ሐሳብ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ለጎረቤትም ይተርፋል።

«አገርህ የት ነበር?» አለችው።

«አህያ መስክ፤ ከሰባት ወንዝ ማዶ። አርባ ወንድምና እህት አሉኝ። ግን በዚህ እግሬ ሁለተኛውን ወንዝ ሳልሻገር ጅብ ይደርስብኛል።»

«ብቻህን ማን ሂድ አለህ? በሽኝት ሂድ። ጅብ ‹እኔ ልሸኘው› ማለቱ አይቀርም፤ ይሁን በል።»

«ጅብ ይሸኘኝ? እመት ቀበሮ፣ ሰባተኛው ጎል ጭንቅላትሽን መታሽ እንዴ?»

«ስማኝ አንተ ጆሮ ብቻ! ሸኚ ‹በቃ ተመለስ› ሳይባል ከመንገድ አይመለስም፤ በአገራችን ነውር ነው። ተሸኚም ተሰናብቶ እስኪለይ ድረስ ቡድኑ ውስጥ ነው፤ ማሊያው አይወልቅም። እሺ፣ ‹ተመለስ› የሚለው ማን ነው?»

«እኔ።»

«አፉስ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲህ ዝጋው!»

ዳምጠው ይህን ሲሰማ ያን ሁሉ ጥርሱን ገለጠ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ ቀበሮ ጥርሱን ስትቆጥር ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

በሳምንቱ ጠዋት የሣር አምባ እንስሳ ሁሉ ለስንብቱ ወጣ። ከቀፎዋ ያልወጣች ንብ፣ ከጉድጓዱ ያልወጣ ጃርት አልነበረም። አንበሳ ጉብታ ላይ ቆሞ ጎፈሩን አራገፈና ተናገረ።

«ዳምጠው ዐሥራ ሁለት ዓመት በራችንን ጠብቋል። ጉልበቱን የሰጠው ለእኛ ነው፤ አሁን የሚያነክሰውም በእኛ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስጦታው ይህ ነው!» አለና የጎሉን ቋሚ አስመጣ። ዳምጠው በደህናው ዘመን በአንድ ርግጫ የነቀለው፣ ሁለት በሬ የሚያቅተው የዋንዛ ግንድ ነው። በላዩ ላይ ወይፈኑ አንድ ጭነት ጨው፣ በጉ አንድ ነዶ ገብስ ጨመሩበት።

«ሸኚው ጓዙን ይሸከማል፤ ወጉ ነው» አለ አንበሳ። «ማሊያ ያለን ዐሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዳምጠው ‹በቃ ተመለስ› ብሎ ሲሰናበት የእሱን ተቀብሎ ያመጣል። ማን ይሸኘዋል?»

«እኔ!» ብሎ ጅብ አራቱንም እግሮቹን በአንዴ ቢያነሳ በሆዱ ዘጭ አለ። እዚያው ተኝቶ ንግግር ጀመረ። «ዳምጠው ለእኔ ማለት… እንዲያው… ለስላሳ ነው! ከሩቅ ሳየው ሆዴ ይባባል። ዛሬ ስለሚለየን እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።»

እንባው ከአፉ ነበር የሚወርደው።

«ከአያ ጅቦ የተሻለ ሸኚ ከየት ይገኛል» አለ ዳምጠው። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ጦጢት ቀርከሃዋን ጣለች። ቀበሮ ግን ጥፍሯን ታጸዳ ነበር።

ዳምጠው ወደ ቦታው ሄደ። ጎሉ ፊት ለፊት፣ እሱ ቆሞ የኖረባት መሬት፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሣር ያልበቀለባት ገላጣ ነበረች። ጎንበስ ብሎ ሳማትና ቀና አለ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ። «ሁሌ ፊቴን ወደ ራሳችን ጎል አዙሬ ስለምቆም፣ ይህን ሁሉ ዘመን የባላጋራ ፊት ምን እንደሚመስል አላየሁም። ያየሁት የእናንተን ነው። ጠግቤ ነው የምሄደው።»

አንበሳ አገሳ። ቀበሮ እንኳ ለአፍታ ስለ ራሷ ማሰብ አቆመች። ለአፍታ ነው ታዲያ።

ከዚያ ግንዱን፣ ጨዉንና ገብሱን ጅብ ጀርባ ላይ ቆለሉት። ጅብ ከታች አይታይም ነበር፤ ምላሱ ብቻ ውጭ ቀርታለች።

መጀመሪያው ወንዝ ደረሱ።

«አያ ዳምጠው፣ ያው ወንዙ» አለ ጅብ በደስታ። «ሰውና ሰው ወንዝ ላይ ነው የሚለያየው። በል፣ የምትለው ካለ በለኝ።»

«የምለውማ አለኝ፤ እንዳንተ ያለ ሸኚ በአንድ ወንዝ ብለቅ አገር ምን ይለኛል? ተሻገር እንጂ።»

ተሻገሩ። ሁለተኛው ላይ ጅብ ወገቡ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ግንዱ ከበደኝ!»

«አይዞህ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸከም ኖሬ የለም? ዘዴው ሆድን ባዶ ማድረግ ነው።»

«ባዶ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ለዚህ ሥራ ተፈጥረሃል!»

ሦስተኛው ላይ የዳምጠው ጉልበት ተንቀጠቀጠና ሸኚውን ተደገፈ። ጅብ ከላይ ግንድ፣ ከጎን አህያ ሆነበት። የዳምጠው ዳሌ ከአፍንጫው አንዲት ስንዝር ብትርቅ ነው። አፉን ከፈተ። ማሊያውን አየ። ነብሩ ትዝ አለው። ዘጋው። እንደገና ከፈተው፤ እንደገና ዘጋው። እስከ አራተኛው ወንዝ እንደ ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሄደ።

አምስተኛው ወንዝ ላይ የገደል ሥር ዝንጀሮዎች ከቋጥኝ ላይ አዩአቸው።

«ኧረ ኑ፣ ኑ! አህያ ባዶውን ሲንጎራደድ፣ ጅብ ተጭኖ ሲከተለው እዩ!»

«አያ ጅቦ፣ ጨው በስንት ነው?»

ጅብ አፍሮ ከግንዱ ሥር አጎነበሰ። «አያ ዳምጠው፣ በእናትህ! ‹ተመለስ› በለኝ! አንዲት ቃል ናት!»

«ልልስ ነበር፤ እንዳንተ ያለውን ሸኚ ከመንገድ መመለስ አሳዘነኝ እንጂ» አለ ዳምጠው። «ትንሽ ነው የቀረው። ሽኝትህ እንዴት እንደጣፈጠኝ!»

«እኔንም ሊጣፍጠኝ ነበር» አለ ጅብ ቀስ ብሎ።

ለምን ጥሎት አልተመለሰም ብትሉ፣ ጅብ ነዋ! በየወንዙ ‹አሁንስ ይላል› ይላል። ሆዱ ‹ቀጥል› ሲለው እግሩ ‹ተው› ይለዋል፤ ጅብ ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ እግሩን ሰምቶ አያውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባተኛውን ወንዝ ተሻግረው አህያ መስክ ገቡ። አርባው አህዮች መስኩን እስኪያናጋ እያናፉ ወጡ። ዳምጠውን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ወደ ጅብ ዞሩ።

«ወንድማችንን በእግሩ ያደረሰልን ይህ ነው?» አለች ታላቂቱ እህት። «ያውም ከነጓዙ! ኧረ ግባ፣ ቁጭ በል! ገለባ አምጡለት!»

«አመሰግናለሁ፣ እኔ ገለባ…»

«አትግደርደር! ጉረስ በሞቴ!»

አንዷ ስታጎርሰው ሌላዋ «የእኔንስ ለምን ትንቃለህ?» አለች። ሦስተኛው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ደገመው። በአርባ አህያ መሀል ተቀምጦ ‹አልበላም› የሚል ጅብ የለም። ጅብ ገለባ በላ። ጆሮው ላይ እስኪወጣ በላ።

ሲጨርስ ዳምጠው ብድግ ብሎ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሊያውን አወለቀ። አጣጥፎ በጅብ ክንድ ላይ አኖረለት።

«አያ ጅቦ፣ ደከምክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። በቃ፣ ተመለስ።»

ቀኑን ሙሉ የለመናት ቃል ይህች ነበረች! ጅብ ዳምጠውን አየው፤ ራቁቱን ነው፤ ያ ዳሌ እዚያው ነው። ከዳምጠው ኋላ ግን አርባ አህያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ቀስሮ ቆሟል። ሰማንያ የኋላ እግር! በአንድ ርግጫ ሸምግሎ የወረደው ዝንጀሮ ትዝ አለው። በሰማንያው እግር ሰባት ትውልዱ ሳይወለድ ያረጃል።

«ደኅና ሁን» አለና፣ የዐሥራ ሁለት ዓመት የአህያ ሽታ ያለበትን፣ አህያ ግን የሌለበትን ማሊያ ታቅፎ ሰባቱን ወንዝ ተመለሰ።

አንበሳ ማሊያውን ሲቀበለው «ደኅና ሸኘኸው?» አለው።

«ሸኘሁት ጌታዬ።»

«ምን ጋበዙህ?»

«አይጠይቁኝ» አለና ጥርሱ መሀል የገባችውን ገለባ ሊያወጣ ሄደ።

ማሊያው ለወይፈኑ ተሰጠ፤ በቀጣዩ እሁድ ቀበሮ ላይ የገባው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም በነፋስ አሳበበች። ዳምጠው ደግሞ የዋንዛውን ግንድ ጥላ ሥር አጋድሞ ጀርባውን እያከከበት፣ ጨዉን ከዘመዶቹ ጋር እየላሰ ተቀመጠ። ጉልበቱ አልዳነም። ግን የሚያስቸኩለው ነገር ስለሌለ ሕመሙ ራሱ ሥራ ፈት ሆነ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበቱ ሲከዳው በጊዜና በወጉ መሰናበት ያወቀ ሰው፣ ሊበላው የጎመጀውን እንኳ ጓዙን አሸክሞ በሰላም አገሩ እንደሚገባ ነው።